«ሰባት ዓመት ጸለይኩ፤ አሁንስ ደከመኝ!»

ለዛሬ ስለ ሌላ ጉዳይ ልጽፍ ብዕሬን አንስቼ ነበር። ሰሞኑን የደረሰችኝ የሁለት ገጽ ደብዳቤ ግን ሐሳቤን አስቀየረችኝ። መቼም ወደዚህ አምድ የሚላከው ደብዳቤ አብዛኛው የፍቅር ነው። ጥሎኝ ሄደ፣ ካደችኝ፣ ቤተሰብ እንቢ አለ... ይህቺኛዋ ግን ስለ ጸሎት ናት። ጸሐፊዋ የ26 ዓመት ወጣት ስትሆን ስሟንም ሰፈሯንም እንዳልጠቅስ አደራ ብላኛለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ታላቅ ወንድሟ በ2010 ዓ.ም. በመተማ በኩል ከአገር ወጣ። ካርቱም ጥቂት ወራት ሠራና ወደ ሊቢያ ተሻገረ። በመስከረም 2011 «ባሕሩን ልንሻገር ነው፤ ጸልዩልኝ» ብሎ ደወለ። ይኸው ከዚያን ቀን ወዲህ ድምፁ አልተሰማም። ሞተ ያለ የለም፤ አለ ያለም የለም።

ልጅቷ እንዲህ ትላለች፦ «እናቴ ማታ ማታ ሦስት ሰዓት ሲሆን ሻማ ታበራለች። ጎን ለጎን እንቆማለን። መጀመሪያ አካባቢ እኔም ከልቤ ነበር፤ እንባዬ መሬቱን ያርሰው ነበር። ለኅዳር ሚካኤል ድምፁን ካሰማኸኝ ጥላ አስገባለሁ ብዬ ተሳልኩ። ኅዳር መጣ፣ ሄደ። በዓመቱም ተሳልኩ። በሦስተኛውም። አሁን ግን ውስጤ ባዶ ሆኗል። እናቴ እንዳይከፋት ብዬ አጠገቧ ቆሜ ከንፈሬን ብቻ አንቀሳቅሳለሁ። አክስቶቼ ደግሞ ‘ቁርጣችሁን እወቁና ተዝካሩን አውጡ’ ይሉናል። ማስመሰሌ ኃጢአት ነው ወይ? ልተወው ወይ? ሰባት ዓመት ጸለይኩ፤ አሁንስ ደከመኝ!»

ደብዳቤዋን ሦስት ጊዜ አነበብኳት። እውነቴን ነው፣ መልስ ለመስጠት ፈራሁ። እኔ ሰባኪ አይደለሁም። የተማርኩትም እስከ 12ኛ ክፍል ነው። እንዲያውም ጸሎትን ጥርቅም አድርጌ ትቼ የማውቅ ሰው ነኝ። የመልቀቂያ ፈተና ሲደርስ ሳልታክት ጸልዬ፣ ጸበል ጠጥቼ ገባሁ። ውጤቱ ለዩኒቨርሲቲ የሚያበቃ አልሆነም። አኮረፍኩ። ሁለት ዓመት ሙሉ የቤተ ክርስቲያን አጥር ጥግ እንኳ ቆሜ አልተሳለምኩም። የእኔ ከእሷ ጋር አይወዳደርም፣ አውቃለሁ። የፈተና ውጤትና የወንድም ድምፅ አንድ አይደሉም። ግን ማኩረፍ ምን እንደሚመስል አውቀዋለሁ።

ስለዚህ እህቴ፣ እንደ ታላቅ ሳይሆን እንደ ጓደኛ ላውራሽ።

መጀመሪያ ስለዚያች ከንፈር። «ከንፈሬን ብቻ አንቀሳቅሳለሁ» ብለሻል። መጽሐፈ ሳሙኤል ላይ ሐና የምትባለውን ሴት ታስታውሻታለሽ? ልጅ አጥታ በየዓመቱ ወደ ሴሎ እየወጣች፣ በጣውንቷ እየተሰደበች የኖረችውን? እሷም ከንፈሯ ብቻ ይንቀሳቀስ ነበር፤ ድምፅ አልነበራትም። ካህኑ ዔሊ እንኳ ያየው ከንፈሯን ብቻ ስለሆነ የሰከረች መሰለው። አየሽ፣ ከውጭ ሲታይ ሐናም አስመሳይ ወይም ሰካራም ትመስል ነበር። «እሷ ልቧ ይናገር ነበር፤ የእኔ ግን ባዶ ነው» ትይኝ ይሆናል። እሺ። ግን ባዶነቱን ማን ያውቃል? አንቺና እግዚአብሔር። ታዲያ ለምን እሱኑ አትነግሪውም? «ዛሬ የምለው የለኝም፤ ደክሞኛል» ማለት እኮ ጸሎት ነው።

ይህን ከራሴ አላመጣሁትም። መዝሙረ ዳዊትን ግለጪ። ምዕራፍ 12 ላይ (በሌላው አቆጣጠር 13 ነው) ዳዊት እስከ መቼ ነው የምትረሳኝ እያለ ደጋግሞ ይጠይቃል። ምዕራፍ 87ን (በሌላው 88) ደግሞ አንብቢው፤ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ጨለማ ነው፣ ማጽናኛ እንኳ ሳይኖረው ያልቃል። አባቶቻችን ግን «ይሄ ምሬት ነው» ብለው ከመጽሐፉ አላወጡትም። ስንት እናት ዳዊት ስትደግም እኮ ያንን ምሬት አብራ ትደግማለች። እኛ ልጆቹ ነን ጸሎት ሁሉ ፈገግታና ምስጋና የሚመስለን።

ሁለተኛ፣ ስለ ስዕለቱ። ስዕለት ጥሩ ነው፤ የአገራችን ሰው በስዕለቱ የታወቀ ነው። ቁልቢ በታኅሣሥ 19 የሚጎርፈውን ሕዝብ ያየ ያውቀዋል። ነገር ግን እኔና አንቺ ስዕለቱን ሳናውቀው ውል አደረግነው። «እስከዚህ ቀን ይህን ካደረግክ ይህን እሰጣለሁ» አልን። ቀኑ ሲያልፍ ውሉ የፈረሰ መሰለንና ተቀየምን። ስዕለት የምስጋና ቃል ኪዳን ነው እንጂ የዕቃ ዋጋ አይደለም። እስኪ ዘንድሮ ቀን አትቁረጪለት። ለኅዳር ሚካኤል ሂጂ፣ ግን ያለ ቀጠሮ ሂጂ። ቀጠሮው ነው ልብሽን በየዓመቱ የሚሰብረው።

ሦስተኛው ዋናው ነው፤ ወጣቶች ሆይ፣ እናንተም ስሙት። ጸሎት ሲከብድ አሳጥሩት እንጂ አታቋርጡት። አብዛኞቻችን ወይ ሙሉውን ወይ ምንም ነን። ስንሞቅ መንፈቀ ሌሊት ተነስተን ስንሰግድ እናድራለን፤ ስንቀዘቅዝ ደግሞ ማማተብ እንኳ ይከብደናል። እኔ ከኩርፊያዬ የተመለስኩት በንስሐ አባቴ ምክር ነው። «ሁሉንም ማድረስ ካቃተህ አንዷን ያዝ። አንዷን ስትይዝ በሩ አይዘጋም» አሉኝ። ውዳሴ ማርያም እኮ ለሳምንቱ ሰባት ቀናት የተከፋፈለ ነው፤ የዕለቱን ብቻ ማድረስ ይቻላል። እሱም ካልሆነ እግዚኦታ አለ። 41 ጊዜ ማለት ቢያቅትሽ ሦስት ጊዜ በይና ተኚ። ነገም ሦስት ጊዜ። ምንም ላይሰማሽ ይችላል። እኔም ለወራት ምንም አልተሰማኝም ነበር። እንጀራ የምንበላው ሁልጊዜ ስለጣመን አይደለም፤ ሰውነታችን ግን በሱ ይኖራል።

እዚህ ላይ ስለ መጻጉዕ ላንሳ። የዐቢይ ጾም አራተኛው እሑድ በስሙ ይጠራል። 38 ዓመት ታሞ የተኛው ሰው ነው። ቤተ ሳይዳ በምትባለው መጠመቂያ አጠገብ ሆኖ ውኃው ሲናወጥ ለመግባት ይጠባበቅ ነበር፤ ሁልጊዜ ግን ሌላው ይቀድመዋል። እኔ ልጅ ሆኜ ይህን ታሪክ ስሰማ የሚገርመኝ መፈወሱ ነበር። አሁን የሚገርመኝ ግን ቦታውን አለመልቀቁ ነው። ሌላም ነገር አለ። ጌታ ልትድን ትወዳለህ ወይ ብሎ ሲጠይቀው ሰውየው «አዎ» አላለም፤ የሚያግዘው ሰው እንደሌለው ነው ያማረረው። ጌታም አልተቆጣውም። ደግሞስ መዳኑ በየት በኩል መጣ? 38 ዓመት ዓይኑን ተክሎ ባየው ውኃ በኩል አልመጣም፤ ባልጠበቀው በኩል ነው የመጣው።

ታዲያ ይህን ያነሳሁት «ወንድምሽ ነገ ይደውላል» ልልሽ አይደለም። እንዲህ የሚሉሽ ይኖራሉ፤ ራእይ አየሁ ብለው ቀን የሚቆርጡልሽም አይጠፉም። ተጠንቀቂያቸው። እኔ አለም አልልሽም፤ የለምም አልልሽም። ሐዋርያው ጳውሎስ ስለ ሥጋው መውጊያ ሦስት ጊዜ ለምኖ መውጊያው አልተነሣለትም፤ የተሰጠው መሸከሚያ ጸጋ ነው። ጌታ ራሱ በጌቴሴማኒ ሦስት ጊዜ ጸልዮ ጽዋው አላለፈም። ስለዚህ መልስ መዘግየቱም ሆነ የፈለግነው አለመምጣቱ የተጠላን ለመሆናችን ምልክት አይደለም።

አራተኛ፣ እጅሽን አጣምረሽ አትጠብቂ። ጸሎትና ፍለጋ አይጣሉም። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር ከዓለም አቀፉ ቀይ መስቀል ኮሚቴ ጋር ሆኖ በስደትና በጦርነት የተጠፋፉ ቤተሰቦችን የማፈላለግ አገልግሎት አለው። ክፍያ የለውም። ሙሉ ስሙን ከነአያቱ፣ የትውልድ ዘመኑን፣ መጨረሻ የደወለበትን ቦታና ቀን፣ የደወለበትን ቁጥር፣ ፎቶውንም ይዘሽ ሂጂ። አብረውት የወጡ ልጆች ካሉ የእነሱንም ቤተሰብ ጠይቂ። በሚያዝያ 2015 የሱዳን ጦርነት ከተነሳ ወዲህ በዚያ መስመር የተበተነው ሰው ብዙ ነው። «ወንድምሽ እኛ ጋ ነው፣ ብር ላኪ» የሚል ስልክ ቢመጣ ደግሞ ድምፁን ሳትሰሚ፣ እሱ ብቻ የሚያውቀውን ነገር ሳትጠይቂ፣ ሰው ሳታማክሪ ሳንቲም እንዳትልኪ!

ስለ ተዝካሩ ግን እኔም ሆንኩ አክስቶችሽ የምንቆርጠው አይደለም። አክስቶችሽ ክፉ ሆነው አይመስለኝም፤ እነሱም መጠበቁ ደክሟቸው ይሆናል። ግን በሚያዝያ 2007 በሊቢያ በወገኖቻችን ላይ የደረሰውን ያየች እናት ልጇ እዚያው አገር ጠፍቶባት ሰባት ዓመት ሻማ ስታበራ፣ ያንን ሻማ በግድ እፍ ብሎ ማጥፋት ጭካኔ ነው። የእናትሽን የንስሐ አባት ቤት ጥሩና ጉዳዩን በእርጋታ ተመካከሩበት። እስከዚያው በቅዳሴው በመንገድ ላሉት ሲጸለይ የወንድምሽን የክርስትና ስም በልብሽ ጥሪ።

በመጨረሻ ወደ ጥያቄሽ ልመለስ። «ልተወው ወይ?» ብለሻል። አትተዪው። ማስመሰል ማለት ለመታየት ብሎ መቆም ነው። አንቺ ግን የቆምሽው እናትሽ ብቻዋን እንዳትቆም ብለሽ ነው። ይሄ ፍቅር ነው፤ ፍቅር ደግሞ የጸሎት ግማሽ ነው ብል የሚቆጣኝ ያለ አይመስለኝም። በማርቆስ ወንጌል አራት ሰዎች ሽባውን ተሸክመው፣ ጣራ ነድለው ያወረዱትን ታውቂያለሽ። ጌታ ያየው የተሸካሚዎቹን እምነት ጭምር ነው። ሽባው በዚያን ቀን ምን ያህል እምነት እንደነበረው የተጻፈ ነገር የለም። ዛሬ አንቺ አልጋው ላይ ነሽ፤ ተሸካሚዋ እናትሽ ናት። እሷም የምትዝልበት ማታ ይመጣል፤ ያኔ ተሸካሚዋ አንቺ ትሆኛለሽ። ደግሞ አንድ ነገር ልጠይቅሽ፦ እናትሽ ያንቺን ድካም የማታውቅ ይመስልሻል? ሰባት ዓመት ጎኗ የቆመችውን ልጇን? አንድ ማታ ሻማው ሳይበራ በፊት ንገሪያት። «እማዬ፣ ደክሞኛል» በያት። ምናልባት እሷም «እኔም» ትልሽ ይሆናል። ከዚያ አብራችሁ ቁሙ።

የአገራችን ሰው «ቀን እስኪያልፍ ያለፋል» ይላል። ማልፋቱን አልካደም።

ውድ አንባቢያን፣ ከእናንተም መካከል ሥራ፣ ትዳር፣ ልጅ፣ ጤና እየለመናችሁ ዓመታት የተቆጠሩባችሁ ትኖራላችሁ። ዛሬ ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ለዚህች ቤት አንድ «አቤቱ» በሉላቸው። ስማቸውን ባታውቁም እሱ ያውቀዋል።

ለዛሬ በዚህ ይብቃን። ቸር ያሰማን፤ ሳምንት በሌላ ጉዳይ እስክንገናኝ ቸር ሰንብቱ!