የደም ውጤቱ «ኖርማል» ቢሆንም ልጁን እዩት

ልጃችሁ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን እንዳለበት ሲነገራችሁ ብዙዎቻችሁ የምታነሱት ጥያቄ አለ፦ «ዶክተር፣ ወደ ደሙ ገብቶ ይሆን? በደም ምርመራ አይታወቅም?» ፍርሃታችሁ ከመሬት የተነሳ አይደለም። ኢንፌክሽኑ ወደ ኩላሊት ወጥቶ ሲጠና፣ ሰውነት የሚሰጠው ምላሽ ከልክ አልፎ የራሱን አካላት ሊጎዳ ይችላል። ሴፕሲስ የምንለው ይህንን ነው፤ ሕይወት ያጠፋል።

አዎ፣ የሚያግዙ የደም ምርመራዎች አሉ፦ ነጭ የደም ሴል፣ ሲአርፒ፣ ፕሮካልሲቶኒን፣ ላክቴት። እኔም አዛቸዋለሁ። ግን አንዳቸውም ብቻውን «ይህ ልጅ ሴፕሲስ አይዘውም» ብሎ አይፈርምላችሁም።

ሲአርፒን እንውሰድ። በደም ውስጥ መጨመር የሚጀምረው ሕመሙ ከጀመረ ከ6 እስከ 12 ሰዓት ገደማ ቆይቶ ነው፤ ጣሪያው ላይ የሚደርሰው ደግሞ በ2 ቀን አካባቢ። ጠዋት ማተኮስ የጀመረ ልጅ ረፋድ ላይ ደም ቢሰጥ ውጤቱ ዝቅ ብሎ ሊመጣ፣ ማታ ግን ልጁ ሊዝል ይችላል። ፕሮካልሲቶኒን ይፈጥናል። ሆኖም በ2021 እ.ኤ.አ. የወጣው ዓለም አቀፍ የአዋቂዎች ሴፕሲስ መመሪያ እንኳን አንቲባዮቲክ መቼ እንደሚጀመር በእሱ እንዳንወስን ይመክራል። ነጭ የደም ሴልም ሲበዛ ብቻ ሳይሆን ሲያንስም ያሰጋል።

ስለዚህ የታመመ ልጅ ታቅፋችሁ አንድ ምርመራ ፍለጋ ከላብራቶሪ ላብራቶሪ ስትዞሩ ሳይ አዝናለሁ። ያ ሰዓት የሕክምና ሰዓት ነበር። ገንዘባችሁን የምታወጡ ከሆነ እኔ የማስቀድመው የሽንት ካልቸርን ነው፤ ተህዋሲው የትኛው እንደሆነና የትኛው መድኃኒት እንደሚያጠፋው ይነግረናል። የሚወሰደው ከመጀመሪያው አንቲባዮቲክ በፊት ነው። በላስቲክ ከረጢት የተጠራቀመ ሽንት በቆዳ ላይ ባሉ ተህዋስያን ስለሚበከል ሐኪሙ በቀጭን ቱቦ ልውሰድ ቢላችሁ አትደንግጡ። ልጁ በጣም ከደከመ ግን ናሙና ስንጠብቅ መድኃኒቱን አናዘገይም።

(በዊዳል ውጤት ብቻ «ታይፎይድ ነው» ተብሎ መድኃኒት የተጀመረላቸው፣ ሽንታቸው ግን ያልታየ ሕፃናት ያጋጥሙኛል። የትኩሳቱ ምክንያት ካልታወቀ «ሽንቱም ይታይልን» በሉ።)

ወረቀቱ ምንም ይበል፣ ልጁ ጡት ወይም ምግብ እምቢ ካለ፣ ከወትሮው በላይ ከተኛ ወይም ለመቀስቀስ ካስቸገረ፣ ቶሎ ቶሎ ከተነፈሰ፣ እጅና እግሩ ከቀዘቀዘ፣ ዳይፐሩ ለሰዓታት ደረቅ ከሆነ፣ ሌሊትም ቢሆን ወደ ሆስፒታል ውሰዱት። ዕድሜው ከ3 ወር በታች ከሆነ ትኩሳቱ ብቻ ይበቃል። ጨቅላ ሕፃን ደግሞ በማተኮስ ፈንታ ሰውነቱ ሊቀዘቅዝ ይችላል።

ለአዋቂዎችም ያው ነው። ነፍሰ ጡር፣ የስኳር ሕመምተኛ፣ የኩላሊት ጠጠር ያለበት ወይም የሽንት ቱቦ የገባለት ሰው ብርድ ብርድ ብሎት ከተንቀጠቀጠ ወይም ጎኑን ካመመው አይጠብቅ። አረጋውያን ወላጆቻችሁ ድንገት ንግግራቸው ከተምታታባቸውም «እርጅና ነው» ብላችሁ አትለፉት፤ ሽንታቸውም ደማቸውም በዚያው ቀን ይታይ።