ለሥራ ቃለ መጠይቅ ስለ መቅረብ

«ሙያ በልብ ነው» የሚለውን ምሳሌ ያልሰማ ከመካከላችን የለም። ዐዋቂ ሰው ዕውቀቱን በአፉ አያወራም፤ ሥራው ይመሰክርለታል ማለት ነው። ይህ ትምህርት ትሕትናን ስላስተማረን እናከብረዋለን። ነገር ግን ሰው በማያውቁት መርማሪዎች ፊት ተቀምጦ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ በሚመዘንበት ጊዜ፥ በልብ ውስጥ የቀረ ሙያ እንደሌለ ይቈጠራል። ስለዚህ ዛሬ ለቃለ መጠይቅ የሚቀርብ ሰው እንዴት አድርጎ ራሱን ማስረዳት እንደሚገባው፥ በገዳሪፍና በአካባቢው ከሆነው ነገር ጋራ አያይዘን እንመለከታለን።

በጥቅምት ወር 2013 ዓ.ም. በትግራይ ጦርነት በተነሣ ጊዜ፥ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ40 ሺህ የሚበልጥ ሕዝብ ወደ ሱዳን ገባ። ብዙው ሱዳኖች ሰቲት የሚሉትን የተከዜን ወንዝ ተሻግሮ በሐምዳይት በኩል አለፈ። ከዚያም ብዙዎቹ በገዳሪፍ ክፍለ ሀገር ወደሚገኙት ወደ ኡም ራኩባና ወደ ቱናይድባ መጠለያዎች ተወሰዱ። ኡም ራኩባ ለኢትዮጵያውያን አዲስ ስም አይደለም፤ በ1977 ዓ.ም. በረኀቡ ዘመንም ስደተኞች ያረፉበት ስፍራ ነው።

ከስደተኞቹ መካከል መምህራን፥ ነርሶችና የመንግሥት ሠራተኞች ነበሩ። ብዙዎቹ ነፍሳቸውን ለማዳን ሲሸሹ የትምህርትና የሥራ ማስረጃቸውን አልያዙም። የርዳታ ድርጅቶች ደግሞ አስተርጓሚ፥ መምህር፥ የጤና ረዳትና መዝጋቢ ይፈልጉ ነበር። እንግዲህ ወረቀት የሌለው ሰው ባለሙያነቱን በምን ያስረዳል?

መልሱ አጭር ነው፤ ሥራውን በዝርዝር በመናገር ነው። አንዲት ነርስ «ልምድ አለኝ፥ ሥራዬንም እወዳለሁ» ብትል፥ ይህን ማንም ሊለው ይችላል። ነገር ግን «ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልስየስ ባለው ቅዝቃዜ ይጠበቃል፤ እኔም ጧትና ማታ ሙቀቱን እየለካሁ እመዘግብ ነበር፤ መብራት በጠፋ ጊዜ በበረዶ ሣጥን አስቀምጬዋለሁ» ብትል፥ ከሥራው ጋራ የኖረች መሆኗን መርማሪው ወዲያው ይረዳል። በተባበሩት መንግሥታት ድርጅቶች የተለመደውም ጥያቄ «ምን ታደርጋለህ?» ሳይሆን «እንዲህ ያለ ነገር በገጠመህ ጊዜ ምን አደረግህ?» የሚል ነው። መልሱም ሦስት ክፍል ይኑረው፤ ይኸውም የገጠመው ችግር፥ የተወሰደው ርምጃና የተገኘው ውጤት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ልማዳችንን ማስታወስ ይገባል። እኛ ራሳችንን ላለማግነን «እንዲህ ሠራን» ማለት እንወዳለን፤ ይህንንም ዓምድ «እኛ» እያልን እንጽፋለን። በቃለ መጠይቅ ግን የሚመዘነው አንዱ ሰው ስለ ሆነ «እኔ» ማለት ነውር አይደለም። ነውሩ የሌላውን ሥራ የራስ ማድረግ ነው።

የማያውቁትንም «አላውቅም» ማለት ከክብር አያጐድልም። ይልቁንም አስተርጓሚ ለመሆን የሚፈልግ ሰው በዚህ ይፈተናል። «ከልብ እሠራለሁ» የሚለውን አማርኛ እንውሰድ። ዐረብኛ ብቻ የሚያውቅ ሰው ድምፁን ቢሰማ «ውሻ» የተባለ ይመስለዋል፤ በትግርኛም ውሻ «ከልቢ» ይባላል። ስለዚህ መልካም አስተርጓሚ የሚባለው ቶሎ የሚመልስ ሳይሆን፥ ያልገባውን ደግሞ የሚጠይቅ፥ የተባለውንም ሳይጨምርና ሳይቀንስ የሚያደርስ ነው።

ደግሞም ትንሽ የሚመስሉ፥ ነገር ግን ሥራ የሚያስመልጡ ነገሮች አሉ። በሱዳን «ዘጠኝ ሰዓት» ሲባል ጧት ሊሆን ይችላል፤ በእኛ አቈጣጠር ግን «ሦስት ሰዓት» ነው። ይህን ያልለየ ሰው ከቀጠሮው ስድስት ሰዓት ዘግይቶ ይደርሳል። ከዚህም በላይ ሱዳን ከጥቅምት 2010 ዓ.ም. ጀምሮ ሰዓቷን ስለ ለወጠች፥ የገላባት ሰዓት ከመተማ ሰዓት በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራል። በሱዳን የመሥሪያ ቤቶች የዕረፍት ቀን ዓርብና ቅዳሜ ሲሆን፥ እሑድ የሥራ ቀን ነው። በሐምሌ 2005 ዓ.ም. የተመረቀ ሰው በፈረንጆች አቈጣጠር 2013 ብሎ መጻፍ አለበት። ስምም እንዲሁ ነው፤ በትግርኛ «ተስፋይ» የተባለው በአማርኛ «ተስፋዬ» ተብሎ ቢጻፍ፥ በመዝገብ ሁለት ሰው ሊመስል ይችላል። በሁሉም ቅጽ ላይ አንድ ዐይነት አጻጻፍ መያዝ ያሻል።

ልብስን በተመለከተ፥ ንጹሕ መሆኑ ይበቃል። ወረቀት በቀኝ ወይም በሁለት እጅ ይሰጣል። መርማሪዋ ሱዳናዊት ወይዘሮ ብትሆን፥ እጇን እስክትዘረጋ መጠበቅ ጨዋነት ነው። ለቅጥር ገንዘብ የሚጠይቅ ሰው ቢገኝ ግን ከእርሱ መራቅ ይገባል፤ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅቶች በየትኛውም የቅጥር ደረጃ ክፍያ አይቀበሉም።

እስካሁን የተናገርነው ለተጠያቂው ነው። በጠረጴዛው ወዲያኛው በኩል የምትቀመጡ፥ አማርኛንም በመማር ላይ ያላችሁ ሹማምንት ግን አንድ ነገር እንድትመለከቱልን እንለምናለን። በትግራይም ሆነ በአማራ አገር ወጣት በታላቁ ፊት ዐይኑን ዝቅ ማድረጉ፥ ድምፁንም መቀነሱ የአክብሮት ምልክት ነው። ይህን ሐሰተኝነት ወይም ፍርሃት ነው ብሎ መተርጐም ፍርድን ያጣምማል። እንዲህ ያለ ሰው ሲገጥማችሁ «የሠራኸውን አንድ ቀን ከጧት እስከ ማታ ንገረኝ» ብትሉት፥ ማስረጃው ከአንደበቱ ይወጣል።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በካርቱም ጦርነት ከተነሣ ወዲህ መንገዱ ተገልብጧል። ከሱዳን የሸሹ ሰዎች በገላባት በኩል ወደ መተማ ገብተዋል። ከእነርሱም መካከል ወረቀቱን ያልያዘ ባለሙያ ነገ በእኛ መሥሪያ ቤት ፊት ይቀርብ ይሆናል። በሰዓቱም ቢዘገይ፥ ምናልባት የሱዳንን ሰዓት ይዞ ይሆናልና ከመሰናበቱ በፊት ይጠየቅ። በኡም ራኩባ ለወገኖቻችን እንዲደረግላቸው የተመኘነውን ያህል ጊዜና ትዕግሥት ለእርሱም መስጠት ይገባናል።