ስለ ደጋ ፀሐይ ብርታትና ስለ ኦዞን

በመርሐ ቤቴና በመንዝ ደጋ የሚኖር ሰው፥ አየሩ ቀዝቃዛ ስለ ሆነ ፀሐዩ አይጐዳም ብሎ ያስባል። ነገር ግን የሙቀት መለኪያ፥ ዓይን የማያየውን አልትራቫዮሌት የተባለውን ጨረር አይለካም።

ይህን ጨረር በሰማይ ከፍታ የሚያግደው ኦዞን የሚባል አየር ነው። ውፍረቱ የሚቈጠርበት ልክ በእንግሊዛዊው ሊቅ በዶብሰን ስም ይጠራል፤ በምድር ወገብ አጠገብ 260 ያህል ነው፥ ወደ ዋልታዎች ሲቀርቡ ግን በብዙ ጊዜ ከ300 ያልፋል። እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ1985 ኦዞኑ በደቡብ ዋልታ ላይ መሳሳቱ ተገለጠ፤ በ1987 የሞንትሪያል ውል ተደረገ፥ ኢትዮጵያም በ1994 ገባችበት። በምድር ወገብ ዙሪያ የሳሳው እጅግ ጥቂት ስለ ሆነ፥ ሰማይ ተቀደደ እያሉ ባላገሩን ማስፈራራት አይገባም። የደጋው ጕዳት ከጥንት የነበረ ነው።

ዓለም ከተማ በሰሜን 10 ዲግሪ፥ ከባሕር ጠለል ከ2,000 ሜትር በላይ ናት። ከፍታው 1,000 ሜትር በጨመረ ቍጥር ጨረሩ ከመቶ 10 ያህል ስለሚጨምር፥ የመንዝ እረኛ ከጀማ ቈላ ገበሬ ይልቅ ይበረታበታል። በሚያዝያና በነሐሴ ፀሐይ በቀትር ከራስ በላይ ትቆማለች፤ በነሐሴ ደመናው ብዙውን ይጋርዳል፥ በሚያዝያ ግን መጋረጃው ያንሳል። ወፍራም ጋቢ ለቆዳ ደኅና ጋሻ ነው፤ ዓይንን ግን ከሞራ አያድንም። ከሁሉ ይልቅ የሚያሳዝነው ቆዳቸው ያለ ቀለም የተወለዱት ልጆች ነገር ነው፤ እነዚህ በቆዳ ነቀርሳ ሳይያዙ ሰፊ ባርኔጣና የጥላ ሥራ ሊሰጣቸው ይገባል።

የሳተላይት ልክ ገደሉንና አምባውን አንድ አድርጎ ስለሚያሳይ አይበቃም። ስለዚህ የየወረዳው ሹማምንት አንድ የጨረር መለኪያ በአምባው፥ አንድም በቈላው እንዲቆም ቢጠይቁ፥ እስከዚያውም በገበያና በትምህርት ቤት ግቢ ዛፍ ቢያስተክሉ ተገቢ ነው።