«ትምህርት አገር አያቀናም» ለሚሉ ሰዎች

ዱሮ ሕዝባችን «የተማረ ይግደለኝ» ይል ነበር። ዛሬ በየመንደሩና በየሻይ ቤቱ የሚሰማው ሌላ ነው፤ «ተምሮ ማን አለፈለት? ለትምህርት የሚወጣው ገንዘብ ለመንገድና ለፋብሪካ ቢውል አገር ቶሎ ባደገች ነበር» ይባላል። ወጣት አንባቢዬ ሆይ፥ ይህን ቃል ከአባትህ እኩያ ብትሰማው እንኳ ቶሎ አትቀበለው።

እነዚህ ሰዎች ማስረጃ የላቸውም አልልም። በ2015 ዓ.ም. ለ12ኛ ክፍል ፈተና ከተቀመጡት ከ845,000 በላይ ተማሪዎች ግማሽ ነጥብና ከዚያ በላይ ያገኙት 27,267 ብቻ ነበሩ። 1,328 ተማሪ ቤቶች አንድ ተማሪ እንኳ ሳያሳልፉ ቀሩ። በ1943 ዓ.ም. አንድ የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የከፈተች አገር ዛሬ ከ40 የሚበልጡ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች አሏት፤ ታዲያ ይህ ሁሉ ወጪ ምን ፈየደ ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም።

ነገር ግን ጠያቂው አንድ ነገር ይስታል። እኛ ከ«ተማሪ ቤት» ተማሪውን ትተን ቤቱን ሠራን። ጣሪያው ቆርቆሮ ሆነ፥ ግቢው ታጠረ፥ ሪባን ተቆረጠ፤ ሀ ሁ የሚያስቆጥረው የአንደኛ ክፍል መምህር ግን ደመወዙ ከወር ወር የማያደርሰው፥ ሌላ ሥራ እስኪያገኝ ብቻ የሚቆይ ሰው ሆነ። ጎበዙን መምህር ወደ ላይኛው ክፍል እናዛውራለን፤ ደካማውን ለሕፃናት እንተዋለን። ቤት ከጉልላቱ ይጀመራልን?

እኔም ከጥፋቱ አለሁበት። አጥርቶ ማንበብ የማይችል ልጅ ወደሚቀጥለው ክፍል እንዲያልፍ በፊርማዬ ፈቅጃለሁ። የወዳቂ ቁጥር ሲበዛ የሚቆጣ አለቃ ነበረና ዝምታን መረጥሁ። ከእነዚያ ልጆች አንዱ የ8ኛ ክፍል ምስክር ወረቀቱን ይዞ መጥቶ «ጋሼ፥ ምን ይላል?» ሲለኝ ያፈርሁትን ኀፍረት እስከ ዛሬ አልረሳውም። አነበብሁለት፤ አመስግኖኝ ሄደ።

«ግድብና ፋብሪካ ይቅደም» የሚለውንም ሰው አንድ ነገር ልጠይቀው። የዓባይ ግድብ ከ2003 እስከ 2017 ዓ.ም. 14 ዓመት ሲሠራ፥ ደኻው ሳይቀር ቦንድ እየገዛ «ከመቶ ስንት ደረሰ?» ይል ነበር። ሕፃንን ከፊደል አንሥቶ ለሙያ ማብቃትም ከዚያ የማያንስ ዓመት ይፈጃል፤ የልጁ ንባብ ከመቶ ስንት እንደ ደረሰ ግን ስንቶቻችን ጠየቅን? ብረቱን የለካው፥ ሽቦውን የዘረጋው፥ ሒሳቡን የያዘው ሰውስ ከየት የመጣ ይመስለዋል? አንድ መምህር በጠጠር ቁጥር ያስቆጠረው ልጅ አይደለምን?

በጀቱን የምመድብ እኔ ብሆን፥ አዲስ የዩኒቨርሲቲ ግቢ መክፈቱን ለ10 ዓመት አቁሜ ከሁሉ የላቀውን ደመወዝ ለአንደኛ ክፍል መምህር እሰጥ ነበር። ይህን በማለቴ የከፍተኛ ትምህርት ጠላት የሚሉኝ አሉ። ይበሉኝ፤ ያ ልጅ ግን ወረቀቱን ዛሬም የሚያስነብበው ሰው እየፈለገ ይሆናል።