የቡቺ ነጭ እግር

የዛሬው ጨዋታችን ስለ ውሻ ፎቶ ነው። «ይኼ ደግሞ ምን ቁም ነገር አለው?» የሚል እንደማይጠፋ አውቃለሁ። እኔም እስከ ባለፈው ዓመት እንደዚያው እል ነበር። ከዚያ ጁላይ 4 መጣና ውሻችን ጠፋ።

ኦክላንድ ውስጥ ርችት መተኮስ በሕግ ክልክል ነው። በዚያች ሌሊት ግን ክልክል መሆኑን የሚያስታውስ ሰው ያለ አይመስልም። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ ሰፈሩ እንደ ጦር ሜዳ ሲናወጥ ቡቺ የጓሮውን በር በአፍንጫው ገፍቶ ወጣ። ጫማችንን አድርገን እስክንከተለው ጨለማው ውጦታል። አንድ ሰዓት ያህል እየተጣራን ዞርን፤ ጭስና የመኪና ማንቂያ ጩኸት እንጂ ውሻ የለም።

ቤት ስንመለስ የ13 ዓመቷ ልጄ እያለቀሰች ስልኳን ከፈተች። «የጠፋ ውሻ» የሚል ማስታወቂያ ልንሠራ ነው። በስልኳ ውስጥ ከ400 በላይ የቡቺ ፎቶ አለ። አንድ በአንድ አየናቸው። አፍንጫ። ዓይን። አፍንጫና ዓይን። ምላሱን አውጥቶ። ግማሽ ፊቱ ትራስ ውስጥ ተቀብሮ። ሁሉም ያምራሉ፤ ከኋላ ያለው ነገር ደብዘዝ ብሎ ባለሙያ ያነሳቸው ይመስላሉ። ነገር ግን ቡቺ ቡናማ ነው። ኦክላንድ ውስጥ ስንት ቡናማ ውሻ እንዳለ እናንተው ገምቱ። እሱን ከሌላው የሚለየው የኋላ ግራ እግሩ ካልሲ ያጠለቀ ይመስል ነጭ መሆኑና የጅራቱ ጫፍ ላይ ያለችው ነጭ ጠጉር ናት። ከዚያ ሁሉ ፎቶ ውስጥ እግሩም ጅራቱም አንድ ላይ የሚታዩበት አልነበረም። ሲነሱ የነበሩ አሉ፤ ልጄ «አያምርም» ብላ ከርክማቸዋለች።

ያዳነን የእናቴ ፎቶ ነው። እናቴ በዚያ ዓመት ከደሴ መጥታ ሦስት ወር ከእኛ ጋር ቆይታ ነበር። ውሻ ሶፋ ላይ መውጣቱን እስከምትመለስ ድረስ አልለመደችውም፤ «ደሴ ቢሆን ይኼን ጊዜ በር ላይ ነበር» እያለች ስትገላምጠው ትውላለች። አንድ እሑድ ጓሮ ቡና ስናፈላ ከተቀመጠችበት ሳትነሳ ስልኳን አውጥታ አንድ ፎቶ አነሳች። ሁሉም ነገር አለበት። ረከቦቱ፣ ሲኒዎቹ፣ የፈንዲሻው ሳህን፣ የልጄ አንድ እግር፣ የእኅቴ ጀርባ፣ የጎረቤት አጥር። መሃል ላይ ደግሞ ቡቺ በጎኑ ቆሟል፤ ትንሽ ሆኖ፣ ከጆሮው እስከ ጅራቱ። በግራ ጥግ በኩል ቀላ ያለ ጥላ አለ፤ የእናቴ አውራ ጣት ነው።

ልጄ ይህን ፎቶ በጊዜው በስክሪንሹት የቡቺን ፊት ብቻ አስቀርታ ለጓደኞቿ ልካ፣ ዋናውን አጥፍታዋለች። ስለዚህ ደሴ ደወልን። እዚህ ከምሽቱ አራት ሰዓት፣ እዚያ ነግቶ ሁለት ሰዓት ሆኗል። እናቴ በቴሌግራም ላከችልን፤ ግን ቴሌግራም ፎቶን አሳንሶ ነውና የሚልከው እግሩን ስናጎላው ፈዘዘብን። «እንደ ፋይል አድርገሽ ላኪው» ብንላት «እሱን ደግሞ ማን ያውቃል» አለች። የጎረቤት ልጅ ጠርታ፣ ሻይ አስቀርባለት፣ በመጨረሻ ደረሰን።

ማስታወቂያውን በእንግሊዝኛና በስፓኒሽ ጽፈን በማግስቱ ለጠፍን። ለከተማው የእንስሳት መጠለያም አንድ ቅጂ ሰጠን። በካሊፎርኒያ ሕግ መጠለያዎች ባለቤቱ ያልታወቀ ውሻን እንደ ሥራ ሰዓታቸው ለ4 ወይም ለ6 የሥራ ቀናት ማቆየት አለባቸው፤ ከመጀመሪያዎቹ 3 ቀናት በኋላ ግን ውሻው ለሌላ ሰው ሊሰጥ ይችላል። ጠዋት ጠዋት እየሄድን ጎጆዎቹን አየን። በሦስተኛው ቀን ፍሩትቬል አካባቢ ፍራፍሬ የምትሸጥ ሴት ደወለች። አንድ ውሻ የቆመ መኪና ሥር ተደብቋል። ፊቱን አላየችውም፤ ጀርባውን ሰጥቷታል። ያየችው ነጭ እግሩን ነው።

እስቲ እዚህ ላይ ቆም እንበል። የጠፋ ውሻ ሰው ሲያይ ፊቱን አያሳይም፤ ይሸሻል። መንገደኛው የሚያየው ጎኑን፣ ጀርባውን፣ ጅራቱን ነው። እኛ ደግሞ 400 ጊዜ ያነሳነው ለእኛ ብቻ የሚያሳየውን ፊት ነበር። ፎቶዎቹ የፍቅር ፎቶዎች ናቸው፤ ለሌላ ሰው ግን ምንም አይነግሩም።

ልጄን አልወቅሳትም። እንዲህ እንድትከረክም ያስተማሯት ከእኛው መንደር የወጡ መሣሪያዎች ናቸው። ኢንስታግራም በ2010 እዚህ ሳን ፍራንሲስኮ ሲጀመር አራት ጎኑ እኩል የሆነ ፎቶ ብቻ ነበር የሚቀበለው፤ ረጅሙንና ሰፊውን የፈቀደው በ2015 ነው። ውሻ ደግሞ ረጅም እንስሳ ነው። እኩል ሳጥን ውስጥ ሙሉውን ብታስገቡት ያንሳል፤ ፊቱን ብቻ ብታስገቡት ይሞላል። የፕሮፋይል ፎቶ ክብ ሲሆን ደግሞ ጆሮም አይተርፍም። ከሳን ሆዜ አጠገብ ኩፐርቲኖ ያለው አፕል በ2016 በአይፎን 7 ፕላስ ያመጣው ፖርትሬት የሚባለው አነሳስም ዳራውን ያደበዝዛል፤ አንዳንዴ የጆሮውን ጠጉርና የጺሙን ጫፍ አብሮ ይበላዋል።

የሚገርመው፣ የኢንስታግራም ፈጣሪ ኬቪን ሲስትሮም አገልግሎቱ ገና ለሕዝብ ሳይከፈት፣ ጁላይ 16 ቀን 2010 መጀመሪያ የለጠፈው ፎቶ የውሻ ፎቶ ነው። ሜክሲኮ ውስጥ ታኮ የሚሸጥበት ቦታ የተነሳ ነው። ጥጉ ላይ ነጠላ ጫማ ያደረገ እግር ገብቶበታል፤ የሴት ጓደኛው እግር ነው። እኔ ያንን እግር እወደዋለሁ። ውሻው ቀና ብሎ የሚያየው ሰው መኖሩን፣ ማን ከማን ጋር እንደነበረ የሚነግረን እሱ ነው።

ከዚያም በፊት የሆነ ነገር አለ። ከኦክላንድ ወደ ሳን ሆዜ በባሕረ ሰላጤው ማዶ በኩል ስትሄዱ ፓሎ አልቶን ታልፋላችሁ። ዛሬ ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ያለበት መሬት ያኔ የባለጸጋው የሊላንድ ስታንፎርድ የፈረስ እርባታ ነበር። በጁን 1878 ፎቶ አንሺው ኤድዊርድ ማይብሪጅ 12 ካሜራዎች በተርታ ደርድሮ ሳሊ ጋርድነር የተባለችውን ፈረስ ስትጋልብ አነሳት፤ ፈረሷ በሩጫዋ የምትበጥሳቸው ክሮች ካሜራዎቹን በየተራ ያስነሷቸው ነበር። ጥያቄው አንድ ነው፤ ፈረስ ሲጋልብ አራቱም ኮቴዎች ባንድ ጊዜ ከመሬት ይነሳሉ ወይ? ይነሳሉ። የሚነሱት ግን ሠዓሊዎች ይሥሉት እንደነበረው እግሮቹ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ሲዘረጉ ሳይሆን ሆዱ ሥር ሲሰበሰቡ ነው። ማይብሪጅ የፈረሷን ፊትና የአንገቷን ውበት ብቻ አንስቶ ቢሆን ዛሬም እየተከራከርን ነበር። በጎን፣ ሙሉ አካል፣ ኮቴው ሳይቆረጥ፤ ለጠፋ ውሻ ማስታወቂያ የሚያስፈልገውም ይኸው ነው።

የእኛም ሠዓሊዎች ይህን ያውቁ ነበር ብል አታጋነንሽ አትበሉኝ። በቤተ ክርስቲያን ሥዕል በባህሉ ጻድቃን ሁለት ዓይናቸው እየታየ ይሣላሉ፤ ክፉዎቹ ደግሞ በጎን፣ ባንድ ዓይን። የቅዱስ ጊዮርጊስ ነጭ ፈረስ ግን በጎኑ ቢቆምም አብዛኛውን ጊዜ ከጆሮው እስከ ጅራቱ ሙሉ ነው። ማንነቱን ለማወቅ ፊቱን፣ ፈረስነቱን ለማወቅ አካሉን። ከቤት እንስሳችሁም ሁለቱንም ያዙ።

አሁን ወደ ሥራው። ከሁሉ በፊት ተንበርከኩ። ቆመን ወደ ታች ስናነሳ ጭንቅላቱ ተልቆ እግሮቹ ይጠፋሉ፤ ስልኩ በዓይኑ ትክክል ሲሆን ውሻው ራሱን ይመስላል። ሁለተኛ፣ ሰፋ አድርጋችሁ አንሱ። የተረፈውን ነገ መከርከም ይቻላል፤ ያልገባውን ግን ማንም አያመጣላችሁም። ስልኩ ላይ ጣታችሁን ከፍታችሁ ከማቅረብ ሁለት እርምጃ መጠጋት ይሻላል። ወደ ቀኝ የሚያይ ከሆነ በቀኝ በኩል ባዶ ቦታ ተዉለት፤ አፍንጫው ጠርዙን ሲነካ ግድግዳ የገጨ ይመስላል። የግድ እግሩን መቁረጥ ካለባችሁ በጉልበቱ ወይም በቁርጭምጭሚቱ ላይ አትቁረጡ፤ ቆማጣ ይመስላል። ወይ እስከ ደረቱ፣ ወይ ሙሉውን።

ስትከረክሙም ስልኩ ራሱ ባለው ማስተካከያ ከርክሙ እንጂ እንደ ልጄ በስክሪንሹት አይሁን። አይፎን ላይ «ኤዲት» ውስጥ ገብታችሁ የቆረጣችሁት በፈለጋችሁ ጊዜ ወደ ነበረበት ይመለሳል። ስክሪንሹት ግን አዲስ ፎቶ ነው፤ የተጣለው ተጥሏል።

ጥቁር እንስሳ ያላችሁ ሌላ ጣጣ አለባችሁ። ሳን ሆዜ ያለችው እኅቴ ጥቁር ድመት አላት። መስኮት ፊት ለፊት ሲያነሷት የድመት ቅርጽ ያለው ቀዳዳ ትመስላለች፤ ጥቁር ሶፋ ላይ ደግሞ ሁለት ዓይን ብቻ። እኅቴ መላ የፈጠረችው ከመስኮቱ ጎን ወስዳ፣ ፈካ ያለ ጋቢ ላይ አስቀምጣ ነው። ብርሃኑ ከጎን ሲመጣ የጠጉሯ መስመር፣ የጆሮዋ ቅርጽ፣ ጀርባዋ ሁሉ ይወጣል። ፊቷ ላይ ነክታችሁ የምትመጣዋን የፀሐይ ምልክት ወደ ላይ ወይም ወደ ታች በመጎተት ብርሃኑን ማስተካከልም ይቻላል። እኅቴ ሁልጊዜ እጇን ጥጉ ላይ ታስገባለች፤ የድመቷ መጠን እንዲታወቅ ነው ትላለች። ለእኔ ግን ሌላም ምክንያት ያለው ይመስለኛል፤ ያቺ ድመት ከእሷ በቀር በማንም እጅ አትነካም።

ዛሬ ማታ፣ ሳትረሱ፣ ሦስት ፎቶ አንሱ። አንዱ ፊቱ፣ ሁለቱ ደግሞ ቆሞ በግራና በቀኝ ጎኑ፣ ምልክቶቹ ሁሉ እየታዩ። ጥሩ ፎቶ መሆን የለባቸውም። ለአንድ የቤተሰብ ሰው ላኩና ይቀመጡ። ርችት የሚተኮሰው በዓመት አንድ ቀን ብቻ አይደለም፤ በር ደግሞ በማንኛውም ቀን ይከፈታል።

ቡቺ መኪናው ሥር ሁለት ሰዓት አስለመነን። በመጨረሻ የወጣው በእኛ ጥሪ ሳይሆን ሴትየዋ ባቀረበችለት ቁራጭ ሥጋ ነው። የእግሩ መዳፍ ተልጦ ስለነበር አንድ ሳምንት አነከሰ፤ አሁን ደህና ነው። ልጄ የእናቴን ፎቶ በትልቁ አሳትማ ሳሎን ሰቀለችው፤ ከረከቦቱ፣ ከአጥሩ፣ ከራሷ እግር ጋር። እናቴ በቪዲዮ ስታየው መጀመሪያ የጠየቀችው ስለ ውሻው አልነበረም።

«ያ ጥግ ላይ ያለው ቀይ ነገር ምንድን ነው?»

«ጣትሽ ነው፣ እማማ።»

«ውይ! በይ ቁረጪው፤ እንግዳ ያየዋል» አለች።

ልጄ እሺ አለቻት። እስከ ዛሬ አልቆረጠችውም።