ባሌስትራ በመደራረብ ፎር ዊል አይገኝም

መቱ ከተማ ጋራዥ በር ላይ ትንሽ የቆመ ሰው ይሄን ያውቀዋል። የኋላ ጎማው ብቻ የሚነዳ የናፍጣ ፒክ አፕ ይገባል። ከኋላ ባሌስትራ ይጨመርለታል፣ ከፊት የቶርሽን ባሩ ቡሎን ይጠብቃል፣ አምስት ሳንቲም ያህል ከፍ ብሎ ይወጣል። ቆሞ ሲያዩት ፎር ዊል ይመስላል። ባለቤቱም ፎር ዊል የገዛ ያህል ደስ ብሎት ይሄዳል።

እኔ ደግሞ እላለሁ፦ ይሄ ነገር ሰው ይጨርሳል።

ባለመኪናው ለምን እንደሚያደርገው ይገባኛል። ከበደሌ በያዮ አድርጎ መቱ፣ ከዚያም ጎሬና ጋምቤላ የሚወስደው አስፋልት ነው። ቡናው ግን አስፋልት ዳር አይበቅልም። ዲዱ፣ ዳሪሙ፣ አልጌ ውስጥ ውስጡን መግባት ያስፈልጋል። በዓመት ወደ 2000 ሚሊ ሜትር የሚዘንብበት አገር ነው፤ ቡና ለቀማ በጥቅምት ሲጀመር ቀዩ ጭቃ ገና አልደረቀም። አይሱዙዎች መንገዱን በጎማቸው ቦይ አድርገውታል። ፒክ አፑ እዚያ ቦይ ውስጥ ሲገባ ዲፈረንሻሉ መሀል ላይ ባለው ጉብታ ላይ ይቀመጣል። አለቀ፣ በትራክተር ካልሆነ አይወጣም።

ታዲያ ከፍ ማስደረጉ ምን ፈየደ? ምንም!

ባሌስትራ ስትጨምር የሚነሳው ሻንሲውና ጋቢናው ነው። ዲፈረንሻሉ ያለው አክስሉ ላይ ነው፤ አክስሉ ደግሞ ጎማው ላይ ነው። ትልቅ ጎማ ካላሰርክ በቀር ዲፈረንሻልህ ከመሬት ያለው ርቀት ያው ነው። ትናንት የያዘህ ጉብታ ዛሬም ይይዝሃል፤ ልዩነቱ ከፍ ብለህ መያዝህ ነው።

ይባስ ብሎ ባዶህን ስትሄድ የተደራረበው ባሌስትራ ይደርቃል። ጎማው መሬቱን ተከትሎ መውጣትና መውረድ ትቶ ይዘላል። የዘለለ ጎማ አይነክስም። የሚነዳህ እሱ ብቻ ነው፣ የፊቱ አያግዝህም።

ፍሬኑ ደግሞ አለ። ብዙ ሃይሉክሶች ኋላ አክስል አጠገብ ትንሽ ቫልቭ አላቸው። ጭነት ሲበዛ ሻንሲው ወደ አክስሉ ይቀርባል፤ ቫልቯ ይሄን አይታ ለኋላ ፍሬን ግፊት ትጨምራለች። መኪናውን ከፍ ስታስደርገው ቫልቯ ባዶ ነህ ብላ ታስባለች። ሙሉ ጭነህ ቁልቁለት ላይ ፍሬን ስትረግጥ የኋላው ፍሬን በሚገባው ልክ አይዝም። ባሌስትራ የጨመረልህ መካኒክ ይህችን ቫልቭ አስተካክሏል? ጠይቀኸው ታውቃለህ?

ባለፈው ዓመት ከዲዱ በኩል ስመለስ እንዲህ ከፍ በተደረገ ፒክ አፕ ተሳፍሬ ነበር። ከኋላ ጀንፈል ቡና፣ ከጀንፈሉ በላይ ሰባት ሰው፣ ሁለቱ ሕፃን ያዘሉ እናቶች። ቁልቁለቱ ላይ መኪናው ሲንሸራተት፣ «ጋሼ፣ ፍሬኑስ?» አልኳቸው ሾፌሩን። «በማርሽ እይዘዋለሁ፣ አይዞህ» አሉኝ። ያዙትም። ከኋላ ያሉት ሰዎች ሕይወት ግን በአንድ ሰው እጅና በአንድ ማርሽ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር።

እዚህ ላይ እውነቱን እንነጋገር። ከፍ የሚደረገው ለጭቃው ብቻ አይደለም። ለ10 ኩንታል ገደማ የተሠራ መኪና 15 ኩንታል ሲጭን ወገቡ እንዳይጎብጥና ትራፊክ ዓይን ውስጥ እንዳይገባ ነው። ባሌስትራው ጭነቱን ይሸከም ይሆናል። ፍሬኑ፣ ጎማውና ኩሽኔታው ግን የ10 ኩንታል ናቸው። ጀንፈል ደግሞ ክምሩ ከጋቢናው በላይ ይወጣል፤ ከፍ ባለ መኪና ላይ ሲሆን ኩርባ ላይ መገልበጥ ይቀለዋል።

«መንገዱን ይሥሩልን፣ እኛም አናስነሳም» የሚለኝ አይጠፋም። ልክ ነው፣ መንገዱ መሠራት አለበት፤ ይሄንን ለመጮህ አብሬህ አለሁ። ነገር ግን የመንግሥትን ዕዳ ከኋላ የተሳፈሩት እናቶች አይክፈሉት።

የደከመ ባሌስትራን ወደ ፋብሪካ ቁመቱ መመለስ ሌላ ነገር ነው፤ እሱ ጥገና ነው፣ ይደረግ። ገንዘብህን ጥርሱ ያላለቀ የጭቃ ጎማ ላይ አውለው። ሰንሰለትና አካፋ ያዝ። ጭነትህን በልኩ፣ ዝቅ አድርገህ ጫን። የግድ ከፍ ካስደረግክ ቫልቯን፣ የፍሬን ቱቦውንና አላይመንቱን ሳታሳይ ከጋራዥ አትውጣ። መብራትህንም ዝቅ አስደርግ፤ ከፊትህ የሚመጣው ሾፌርም ልጆች አሉት።

መካኒክ ወንድሞቼ፣ ተሳስተሃል የምትሉኝ ካላችሁ አስተያየት መስጫው ክፍት ነው። ግን መጀመሪያ መኪናው ሥር ግቡና ዲፈረንሻሉ ከመሬት ያለውን ርቀት በሜትር ለኩ። ከዚያ እንከራከር።