የምሳ ሰዓት ቁስል

ቁስልን ቁስል ብሎ መጥራት የሚፈራ ገበያ ማገገምንም በስሙ አይጠራውም። የላላ ጉንጭን ከቆዳ ሥር በሚገባ ክር ስቦ የማንሣቱ ሕክምና፣ በተለምዶ ‹‹ትሬድ ሊፍት›› የሚባለው፣ የሚሸጠው ‹‹የምሳ ሰዓት ሕክምና›› እየተባለ ነው። ደንበኛዋ ከቢሮ ወጥታ፣ ፊቷን አስነሥታ፣ ከሰዓት በኋላ ሥራዋ ላይ ትገኛለች ማለት ነው። ቢላዋ የለም፣ ሕመም የለም፣ ዕረፍት የለም ይላል ማስታወቂያው። ከሦስቱ ለእውነት የሚቀርበው የመጀመሪያው ብቻ ነው።

ለመሆኑ በዚያች አንድ ሰዓት ውስጥ የሚደረገው ምንድን ነው? ሐኪሙ ከጆሮ በላይ ያለውን የፀጉር መነሻ ያደነዝዛል። በረጅም መርፌ ከቆዳ ሥር ባለው የስብ ንጣፍ ውስጥ እስከ አፍ ጥግ አቅራቢያ መንገድ ይከፍታል፤ በዚያም መንገድ ጥቃቅን ጥርሶች ያሉትን ክር ያሳልፋል። ጥርሶቹ ሥጋውን ነክሰው ሲይዙ ክሩ ወደ ላይ ይሳባል፤ ትርፉም ይቆረጣል። ሩሲያ ውስጥ ማርለን ሱላማኒድዜ የተባሉት ቀዶ ሐኪም በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ባለጥርሱን ክር ለፊት ሲያስተዋውቁ ክሩ የማይሟሟ ነበር። ዛሬ በብዛት የሚሠራበት ፖሊዳዮክሳኖን ግን ከ1980ዎቹ ጀምሮ ለቀዶ ሕክምና ስፌት ሲያገለግል የቆየና ከስድስት እስከ ስምንት ወራት ባለው ጊዜ ሟሙቶ የሚጠፋ ነው። ውጤቱም ቢሆን በብዙዎች ላይ በዓመት አካባቢ መደብዘዝ ይጀምራል፤ ስለዚህ ጉዳይ ማስታወቂያው ድምፁን ዝቅ ያደርጋል።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጉንጩን ተሸክመው የሚውሉት እነዚያ ጥቃቅን ጥርሶች ብቻ ናቸው። በክሩ ዙሪያ አዲስ ኮላጅን አብቅሎ መያዣውን የሚያጠነክረው ሰውነት ነው፤ ይህም ሳምንታት ይፈጃል። ሐኪሙ በምሳ ሰዓት የራሱን ድርሻ ጨርሶ ሄደ እንጂ ሕክምናው ገና መጀመሩ ነው።

ታካሚዋ ስትወጣ አንድ ወረቀት ይሰጣታል፤ አብዛኛውን ጊዜ በእንግሊዝኛ የተጻፈ። ለሁለትና ለሦስት ሳምንታት በጀርባሽ ተኚ፣ ራስሽን በትራስ ከፍ አድርጊ፣ ፊትሽን አትሺው፣ አፍሽን በሰፊው አትክፈቺ፣ ለስላሳ ምግብ ብዪ፣ ከእንፋሎት ራቂ፣ የጥርስ ሐኪም ቀጠሮሽን አስተላልፊ ይላል። ምክሩ ትክክል ነው። ወረቀቱን የጻፈው ሰው ግን በዚህ አካባቢ ጉንጭ ምን ምን ሥራ እንዳለበት አያውቅም። ሰላምታችን ጉንጭ ለጉንጭ ነው፤ ያውም ሦስትና አራት ጊዜ፣ በለቅሶ ቤትማ አንገት ለአንገት ተናንቆ። ጉርሻ አፍ እስከ ጥግ ካልተከፈተ አይገባም፤ እምቢ ማለትም ነውር ነው። በሐረር፣ በጅቡቲና በሐርጌሳ ጫት የሚቅም ሰው አንድ ጉንጩን በቅጠል ወጥሮ ለሰዓታት ይቀመጣል። ጥሬ ሥጋውስ፣ ቆሎውስ? የወይባ ጢስ መሞቁስ? ሹሩባ የሚሠራው ያንኑ መርፌው የገባበትን የፀጉር መስመር ወጥሮ በመሳብ አይደለምን? ‹‹ፊትሽን አትሺው›› የሚለው ትእዛዝ ከነዚህ አንዱንም በስሙ ካልጠራ ታካሚዋን አላስጠነቀቃትም፤ ክሊኒኩን ከተጠያቂነት አዳነው እንጂ።

ይሁንና ጥፋቱን ሁሉ በሻጩ ላይ መቆለል ቀላል መንገድ ነው። ሻጩ ጓደኛ አለው፤ እርሱም ‹‹እግዜር የሰጣትን ፊት ምን አጎደለባት?›› እያለ የሚፈርደው ሰው ነው። እነዚህ ሁለቱ የተጣሉ ይመስላሉ፤ ሥራቸው ግን አንድ ነው። አንደኛው ምንም አይደለም ይላታል፤ ሌላው ነውር ነው ይላታል። በሁለቱ መካከል ሴቲቱ የምትተኛበት አልጋ ታጣለች። አራስ የምትታረስበት፣ የተገረዘ ልጅ እስኪሽርለት የሚጠበቅበት አገር ለቁስል ጊዜ መስጠትን አያውቅም ሊባል አይችልም። አያቶቿም ድዳቸውን በእሾህ ሲነቀሱ ውበት ያለ ሕመም እንደማይገኝ ያውቁ ነበር። የዛሬዋ ግን ሰኞ ጠዋት ያበጠ ፊቷን በነጠላ ጥግ ሸፍና ቢሮ ትገባለች፤ ምስጢሯ እንዳይወጣም ማንንም ሳትገፋ ትሳማለች፣ ትጎርሳለች።

ከዚያ በኋላ የሚመጣው ይታወቃል። ማበጥና መበለዝ የሚጠበቅ ነው፤ በአንድና በሁለት ሳምንት ይለቃል። ቆዳው እዚህም እዚያም ቢሰረጎድ አብዛኛውን ጊዜ ራሱ ይስተካከላል። የሚያስፈራው ሌላ ነው፤ እየጨመረ የሚሄድ መቅላትና ሙቀት፣ መግል፣ ትኩሳት፣ ከቆዳ ላይ ብቅ የሚል የክር ጫፍ፤ ከስንት አንድ ደግሞ የነርቭ ወይም የምራቅ እጢ ጉዳት። በዚህ ጊዜ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ መመለስ እንጂ ጫፉን በጥፍር ስቦ ማውጣት አይገባም። ነገር ግን ምስጢር የያዘ ሰው ዘግይቶ ይሄዳል። ኢስታንቡል ወይም ዱባይ ሄዳ የተሠራችውና በሦስተኛው ቀን አውሮፕላን የተሳፈረችውማ ወደ ማን ትመለስ? በአገሯ ያለው ሐኪም የትኛው ክር፣ ስንት፣ በየት በኩል እንደገባ የሚነግረው ወረቀት እንኳ አይዝላትም።

ሊጠየቅ የሚገባው ብዙ አይደለም። መመሪያው በአማርኛ፣ በሶማሊኛና በስዋሂሊ ይጻፍ፤ ጉርሻንና ሹሩባንም ይጥራ። የሁለተኛው ሳምንት ምርመራ በዋጋው ውስጥ ይካተት። የክሩ ዓይነትና ብዛት ተጽፎ ለታካሚዋ ይሰጣት። ዋጋው ሲነገር ሁለቱና ሦስቱ ሳምንታት አብረው ይነገሩ።

ባለክሊኒኮች ለዚህ መልስ አላቸው፤ ‹‹ይህን ሁሉ ካወራናት ደንበኛዋ ትሸሻለች›› ይላሉ። ብትሸሽስ? ሦስት ሳምንት ሲባል የምትሸሸው ምናልባት በመጪው ቅዳሜ ልጇን የምትድረው ናት፤ በዚያ ቀን ሦስት መቶ እንግዳ ጉንጯን የሚስማት፣ አማቶቿ የሚያጎርሷት። እርሷን በዚህ ሳምንት በመርፌ መንካት የሚገባው ሐኪም የለም።